ድንች ጣድ፤ ማታ የምነግርህ አለኝ

ኡርዳል፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1986

ለወንድሜ ለጋውተ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ በጎቹም ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት በረዶው እስከ ላይኛው አጥር ድረስ ወርዶ ነበር፤ መልሶ ቀለጠ።

አድራሻህን ስለማላውቅ ይህን የምልከው በአክስታችን በኦስሂልድ በኩል ነው። እሷም ለቀብርህ አልመጣችም። ሁለታችሁም ትታችሁኝ የሄዳችሁ ስለሆናችሁ አንድ ላይ አንብቡት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ማታ ልትነግረኝ የነበረው ምንድን ነው?

ታስታውሳለህ፤ መንጋውን ከተራራው ስናወርድ ዋልን። ሁሉም ሲገቡ ዶካ ብቻ ጎደለች። በቤተ ክርስቲያን የእምነት ቃሌን በሰጠሁበት ቀን አንተው የሰጠኸኝ፣ የኔዋ በግ ዶካ። ተመልሰን ወጥተን ከክሉቫ ጫፍ በታች አየናት፤ የጠረጴዛ ያህል ስፋት ባላት ድንጋይ ላይ ቆማ ትግጣለች። ሳሩን አይታ ወርዳለች፣ ገደሉን አላየችም። ከዚያ ወዲያ መውጣትም መውረድም የለም። የገደል እስረኛ ሆናለች።

የገደል እስረኛ በመጀመሪያው ቀን እንደማትነካ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጠግባ ሳለች ሰው ሲቀርባት ወደ ገደሉ ትዘላለች። ሳሩን ጨርሳ፣ ተርባ፣ ጉልበቷ እስኪከዳት ትጠበቃለች፤ ያኔ እጅህን ስትዘረጋላት ራሷ ትመጣለች። ይህን በኡርዳል ውሾቹም ያውቁታል።

አንተ ግን ገመዱን ከትከሻህ አወረድክ። «እንጠብቅ እንጂ» ስልህ ሳቅክብኝ።

«አንተ ወደ ቤት ውረድና ድንች ጣድ። ማታ የምነግርህ አለኝ» አልከኝ።

ወረድኩ። ድንቹን ጣድኩ። ድንቹ ፈርሶ ሾርባ እስኪሆን ጠበቅኩህ። ከዚያ ጎረቤታችን ዮስታይን በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ዮስታይን ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም። ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር።

በጓሮው ሽንት ቤት በር ላይ ከውስጥ የለጠፍከው የተራራ ተጓዦች ሕግ አሁንም እዚያው አለ። ተቀምጬ አነበዋለሁ፤ ሌላ የሚነበብ የለማ። «በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ አያሳፍርም» ይላል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ክሉቫ ጫፍ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጭጋግ መጣና መለስከኝ። እያለቀስኩ፣ እስከ ቤት ድረስ ያንን ሕግ እንደ መዝሙር እያስደገምክ አወረድከኝ። ታዲያ ሕጉ ለእኔ ብቻ ነበር?

እኔስ አልመለስም፤ እወቀው። ከቀብርህ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። በጎቹን አከርማለሁ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ አብረን በሠራነው ግርግም እየበሉ ነው፤ ድርቆሽ አይበትኑም፣ እንዳልከው።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ነው፣ አክስቴ። ትልቅ ሰው አብሮኝ ካልኖረ ማዘጋጃ ቤቱ ኡርዳል እንድቀመጥ አይፈቅድም። አሁን የዮስታይን ሚስት ሊቭ እየመጣች ታድርልኛለች፤ ግን እስከ ገና ብቻ ነው። ነይልኝ። በጎቹ እስኪወልዱ፣ እስከ ሜይ ብቻ። ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ተወልደሽበታል። ሥራውን ሁሉ እኔ እሠራለሁ፤ አንቺ ቤት ውስጥ ሰው መሆን ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።

ሲንድሬ


ኦልቦርግ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1986

ለተወደድክ ለወንድሜ ልጅ ለሲንድሬ፤

የእግዚአብሔር ሰላምና ጥበቃ አይለይህ። ሐዘንህን እሱ ያቅልልህ፤ ቤትህንም ከክፉ ይጠብቅልህ። እኔ በጤና አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያስታውሰኛል፤ እዚህ ዴንማርክ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን የለም። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ግን የሚወጣ ነገር የለም፤ ለጉልበቴ ደግ ነው።

ደብዳቤህ በጊዜው ነው የደረሰኝ። መልሱን እየጀመርኩ ስቀድ ሰነበትኩ። ለጋውተ የጻፍከውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ የሚሰማ ከሆነ ብዬ።

ለቀብሩ ያልመጣሁት መርከቡ በማዕበል ምክንያት ስለቀረ ነው። ይህንን ሳልነግርህ መቆየቴ ጥሩ አይደለም። ስለ መምጣቴ አሁን ቁርጡን ልነግርህ አልችልም፤ ዳቦ ቤታችን የገና ሥራ ይዟል፣ ሰው ያንሰናል። ትምህርትህስ? መምህራንህ ምን ይላሉ? ካቋረጥከው ቶሎ ብትመለስ ደስ ይለኛል። ምንም ነገር ተቻኩለህ አታድርግ።

ከዮስታይን ጋር ተነጋገር። ደግ ሰው ነው፤ የሚነግርህ ነገር ይኖረዋል።

ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬልሃለሁ። አንዱ ጥንድ ትልቅ ነው፤ ለጋውተ የጀመርኩት ነበር፤ እግርህ ሲያድግ ታጠልቀዋለህ።

የምትወድህ አክስትህ
ኦስሂልድ


ኡርዳል፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1986

ለአክስቴ ለኦስሂልድ፤

ጤና ይስጥልኝ። ካልሲው ደርሶኛል፤ ይሞቃል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዮስታይን ጋር ተነጋገር ባልሽኝ መሠረት ተነጋገርኩ። መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳሽ፤ ከወጣሽ ቆይተሻልና ረስተሽው ይሆናል። አሁን አውራው በግ ከእናቶቹ ጋር የሚቀላቀልበት ጊዜ ነው። አውራው የሁለታችን ነው፤ ዮስታይን ዘንድ ይኖራል፤ በየዓመቱ በዚህ ሳምንት በገመድ እየጎተተ ያመጣልናል። ዘንድሮ አላመጣም። ስጠይቀው «አሞታል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ጠግቦ የበረቱን በር በቀንዱ ይደበድባል። ከእኔም ከዮስታይንም ይልቅ ጤነኛው እሱ ነው።

አውራ ካልገባ በሜይ ግልገል አይኖርም። ግልገል ከሌለ ኡርዳል የለም። ዮስታይን ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

«ለምንድን ነው የማታመጣው?» አልኩት።

ፒፓውን አውጥቶ ትንባሆ ሞላ፤ አልለኮሰውም። «አክስትህን ጠይቃት» አለኝ።

እሱ አክስትህን ይላል፤ አንቺ ዮስታይንን ትያለሽ። እኔ ኳስ ነኝ? ሊቭ እንኳን ትናንት የተልባ ገንፎ እያቀረበችልኝ «ምስኪን» አለችና አፏን ያዘች። ወንድሙ ለሞተበት ሰው እንዲህ ተብሎ አፍ አይያዝም፤ እንዲህ የሚደረገው ለተሞኘ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ መርከቡ ቢሮ ደወልኩ። በዚያ ሳምንት ከዴንማርክ አንድም መርከብ አልቀረም።

ነይልኝ አላልኩም አሁን። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ጋውተ በየእሑዱ ይደውልልሽ ነበር። ማታ ሊነግረኝ የነበረውን ታውቂያለሽ። ንገሪኝ።

ሲንድሬ


ኦልቦርግ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1986

ሲንድሬ ልጄ፤

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ። ያለፈውን ሰላምታ ያስረዘምኩት ከውሸቱ ለመራቅ ነበር።

መርከቡ አልቀረም። ትኬት ቆርጬ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ እስከ ወደቡ ሄጄ ነበር። ፊትህን ማየት ፈርቼ ተመለስኩ።

ጋውተ በኦገስት ደወለልኝና «አክስቴ፣ ልተወው ነው» አለ። ኡርዳልን ማለቱ ነው። አባታችሁ ከሞተ ወዲህ ያንን ቁልቁለት በማጭድ ሲያጭድ ወገቡ አልቋል፤ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው አንተ እንዳታይበት ካልሲውን የሚያጠልቀው በሩን ዘግቶ ነበር። ይህንን አላወቅክም። ክረምት በመጣ ቁጥር «ይህን ብቻ ልለፈው» ይል ነበር። በኦገስት ግን «አክስቴ፣ እኔ እኮ የገደል እስረኛ ነኝ፤ ሳሩ እያለቀብኝ ነው» አለኝ። እኔም «በጊዜ መመለስ አያሳፍርም» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቀ። «ሽንት ቤት በር ላይ እኮ የለጠፍኩት እኔው ነኝ» አለ።

ሁሉን አሰናድቶ ነበር። በጎቹን የማዶው ሸለቆ ሰው ይወስዳቸዋል። ሜዳውን ዮስታይን ያጭደዋል። እሱ ፍሎሮ ከተማ ጀልባ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ አግኝቷል። ከጫማ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይቷል፤ ሁለት አልጋ አላት። ሁለተኛው አልጋ ያንተ ነው፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ከእንግዲህ በጨለማ ተነስተህ ጀልባ እንዳትጠብቅ። የማዶው ሰው በጎቹን ሁሉ ሲጠይቀው አንዷን አልሸጥም አለው። «የወንድሜ ናት» አለው። ዮስታይን በበረቱ ሊያኖርለት ተስማምቶ ነበር። ዶካን ማለቴ ነው።

የበጎቹ ገዢ እስካሁን ያልመጣው ሐዘንህን አክብሮ ነው። ዮስታይን አውራውን ያላመጣውም በጎቹ የተሸጡ፣ የሰው በጎች ስለሆኑ ነው።

እኛ ያልነገርንህ ጋውተ ስላስማለን ነው። «በጎቹን አውርደን ስንጨርስ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለ። ዶካ ገደል ላይ ሳለች ግን ማውረዱ አላለቀም ነበር። እሷ እስክትራብ ቢጠብቅ ምስጢሩን ሌላ ሳምንት መሸከም ነበረበት። አልቻለም መሰለኝ። ያን ዕለት ሊጨርሰው ፈለገ።

ይህ የገባኝ ወደቡ ላይ ነው።

አክስትህ


ኡርዳል፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1986

ለክብርት ወይዘሮ ኦስሂልድ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።

እርስዎ ያውቁ ነበር። ዮስታይን ያውቅ ነበር። ሊቭ በዚህ ቤት እያደረች፣ ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ በጎቹ እንዴት ናቸው?» እያለች ታውቅ ነበር። የማዶው ሰው በቀብሩ ላይ እጄን ጨብጦ «በጎችህ ያማሩ ናቸው» ብሎኛል። በጎችህ አለኝ። የፍሎሮ ጫማ ቤት ታውቃለች። አውራው በግ ሳይቀር ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ድርቆሹን የምሸከመውም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋውተ ቢያቆም አልቆጣም ነበር። ምናልባት ለአንድ ቀን ብቻ እቆጣ ነበር። ከተራራው ስንወርድ እየሄድን ሊነግረኝ ይችል ነበር። «ሲንድሬ፣ ልተወው ነው»፤ ይኸው ነው፤ አፍ የሚሞላ ነገር አይደለም። ድንች የሚያስጥድ ነገር አይደለም።

ግን እሱን ልተወውና ስለ ግርግሙ ልጠይቅዎ። እርስዎ ቀድመው ያውቁ ስለነበር ምናልባት ይገባዎት ይሆናል። በኦገስት ደወለልኝ ብለዋል። ግርግሙን የሠራነው በሴፕቴምበር ነው። እሱ ሳንቃውን ያዘ፣ እኔ ሚስማሩን መታሁ። «ጠለቅ አድርገው፤ አለዚያ ድርቆሹን ይበትኑታል» አለኝ። የተሸጡ በጎች! እኔ በላብ ተጠምቄ ለተሸጡ በጎች ግርግም ስሠራ፣ ወንድሜ እየዘፈነ ሳንቃ ያዘልኝ። ጣቴን በመዶሻ ስመታ ሳቀብኝና ጣቴን ጠቀለለልኝ።

ሰው እንዲህ ያደርጋል? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም። እንዲመጡም አልፈልግም።

ሲንድሬ


ኦልቦርግ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1986

ሲንድሬ፤

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ። በእኛ ቤት ለቄሱም እንዲህ አይባልም ነበር። የተወረወረው ድንጋይ ደርሶኛል፤ ይገባኛልም።

ጋውተ ሳንቃውን ለምን እንደያዘ አላውቅም። የማውቀውን ልንገርህ። ከኡርዳል በወጣሁበት ቀን ዋዜማ ለወጥ ቤቱ መስኮት መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። ሻንጣዬ ታስሮ አልጋ ሥር ተቀምጧል። እናቴ አጠገቤ ቆማ «ከታች ትንሽ ረዘም ይበል» ትለኛለች፤ እኔም አስረዝማለሁ። አታልያታለሁ? አዎ፣ አታልያታለሁ። መጋረጃውን ግን የሰፋሁት ከልቤ ነው። ለመሄድ ወስኜ ስጨርስ እጄ ገና አልሰማም ነበር። መተው እንደዚያ ነው፤ ሰውነትህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሰማም።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። «ያቺ ሜዳ አገር ያለችው» ነበር የሚለኝ። ጋውተ አያታችሁ በዚህ ስም ሲጠራኝ እየሰማ ነው ያደገው። እንዲህ ያለ ስም እንዳይወጣለት ፈርቶ ይሆናል፤ ካንተ አፍ ደግሞ ይበልጥ።

ስለ ግርግሙ ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም። መጀመሪያ ለጠየቅከኝ ግን አለኝ። እመጣለሁ። ከዳቦ ቤቱ ተሰናብቻለሁ። እስከ ሜይ ካልክ እስከ ሜይ፤ ከዚያም በላይ ካልክ ከዚያም በላይ። ገዢውን ሰውዬ አነጋግሬዋለሁ፤ ልጁ ካልፈለገ አልወስድም ብሏል። ዮስታይን አውራውን ያመጣልሃል። ይህን ካልፈለግክ ደግሞ የፍሎሮዋ ክፍል እስከ በጋ ተይዛለች።

አንተ የወደድከው ይሆናል። ማንም ከኋላህ ሆኖ አይወስንልህም፤ ከእንግዲህ።

ኦስሂልድ


ፍሎሮ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1987

ለወንድሜ ለጋውተ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ አልልህም፤ አላደረሰህምና። ይህም በአክስቴ በኩል ይመጣልሃል። አክስቴ፣ አንቺም አንብቢው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ዮስታይን እንደተባለው አውራውን አመጣ። በረቱ በር ላይ ገመዱን ይዞ ቆመ፤ አውራው የበጎቹ ሽታ ደርሶት ይጎትተዋል። ዮስታይን ሁለት እግሩን ተክሎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ «እህሳ፣ ላስገባው ወይስ ልመልሰው? ቶሎ በል፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለኝ።

በጎቹን አየኋቸው። ድርቆሹን አየሁት፤ ግማሹ አልቋል፤ የቀረውም የታጨደው በአንተ ወገብ ነው። በሚቀጥለው በጋ በማን ወገብ እንደሚታጨድ አሰብኩ። ዶካ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። እሷን ዮስታይን ከገደሉ ያወረዳት አንተን በቀበርን ማግስት ነው፤ ተርባ ስለነበር እንደ ውሻ ተከተለችው። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ስመግባት ፊቴን አዙሬ ነው። ያን ቀን አየኋት። ምንም የማታውቅ በግ ናት።

«መልሰው» አልኩት።

ዮስታይን ምንም አላለም። አውራው ግን ብዙ አለ፤ እስከ ቤቱ ድረስ ሲጮህ ይሰማ ነበር።

የማዶው ሰው ከገና በፊት በጭነት መኪና መጥቶ በጎቹን ጫነ። ሲጨርስ ግርግሙን እየዳሰሰ «ይህን ማን ሠራው? ጠለቅ ያለ ነው» አለ። እኔ እንደሠራሁት፣ ወንድሜም ሳንቃውን እንደያዘልኝ ነገርኩት። ሊወስደው ጠየቀኝ። ሚስማሩን ነቅለን አብረን ጫንነው። ስለዚህ በጎቹ አሁንም የሚበሉት ከዚያ ነው፤ እወቀው። ይህን የምነግርህ ይቅር ስላልኩህ አይደለም። ይቅር አላልኩህም። የተራራውን ሕግ ከሽንት ቤቱ በር ልላጠው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ በምን ሙጫ እንደለጠፍከው እንጃ፣ ተቀደደ። «መመለስ አያሳፍርም» የሚለው እዚያው ቀርቷል። ዶካ ዮስታይን ዘንድ ናት። ሊቭ እስከ ጀልባው ሸኝታኝ በመጨረሻ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም፤ የተልባ ገንፎ በጣሳ አስይዛኝ ስለነበር እንዳይፈስ እየተጠነቀቅኩ ነበር።

ትናንት ማታ እዚህች አንተ የተከራየሃት ክፍል ገባሁ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ አከራይዋ ትልቅ ሰው ሆና በቃችው፤ አክስቴ መምጣት አላስፈለጋትም። ሊቭ የለች፣ ዮስታይን የለ። ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው።

ማንም ሳይቀሰቅሰኝ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ፤ ድርቆሽ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። መብራት ሳላበራ ለበስኩ፣ የበረት ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ደረጃውን ወርጄ የውጭውን በር እጀታ ያዝኩ። ከበሩ ማዶ መንገድ ነው፤ በረት የለም። እጀታው ቀዝቅዞ ነበር። ጥቂት ቆምኩ፤ ከዚያ ተመለስኩ። አከራይዋ እንዳትነቃ ጫማዬን አውልቄ በካልሲዬ ደረጃውን ወጣሁ፤ ትልቁን ጥንድ ነበር ያደረግኩት፣ ተረከዙ ላይ ይንሸራተታል። ክፍሉ ይበርዳል። አከራይዋ ያንተንም አልጋ አንጥፋዋለች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ብርድ ልብስህን ገፍፌ በራሴ ላይ ደረብኩና ተኛሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ አልቆ ነበር።